መሪ ሲንቀጠቀጥና የፊት ጎማ ሲጮኽ፦ ኩሽኔታ ከመቀየር በፊት ሊታወቅ የሚገባው

የክረምቱ ዝናብ አብቅቶ ምርት ወደ ገበያ መጓጓዝ ሲጀምር ገጠሩን ከከተማ የሚያገናኙ ተሽከርካሪዎች ሥራ ይበዛባቸዋል። በዝናቡ ወራት ጭቃው፣ ውኃውና የተቦረቦረው መንገድ ያደረሱት ጉዳት ጎልቶ የሚታየውም ተሽከርካሪው ጭነት በሚበዛበት በዚሁ ወቅት ነው። በዚህ ጊዜ አሽከርካሪዎች ከሚያነሧቸው ችግሮች መካከል የመሪ መንቀጥቀጥና ከፊት ጎማ በኩል የሚሰማ ጉምጉምታ ይገኙበታል።

ሁለቱ ችግሮች አንዳንድ ጊዜ ምንጫቸው አንድ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የተለያየ ነው። ይህን ሳይለይ ወደ ጋራዥ የሚሄድ ባለንብረት ጤነኛውን ዕቃ አስቀይሮ የተበላሸውን እንደያዘ ሊመለስ ይችላል። ገንዘቡ ከመባከኑም በላይ መፍትሔ ያላገኘው ብልሽት ተሳፋሪንና እግረኛን ለአደጋ ያጋልጣል።

ኩሽኔታ ምን ይሠራል?

ኩሽኔታ ጎማው በማይዞረው የእግር ዘንግ ዙሪያ በአነስተኛ ፍትጊያ እንዲሽከረከር የሚያደርግ የብረት ቀለበት ነው። በውስጠኛውና በውጫዊው ቀለበት መካከል ጠንካራ የብረት ኳሶች ወይም በርሜል መሰል ዘንጎች ተደርድረዋል። የመኪናው ክብደት፣ የጭነቱ ጫናና በኩርባ ላይ የሚፈጠረው የጎን ግፊት ሁሉ የሚያርፈው በእነዚህ ትናንሽ ብረቶች ላይ ነው።

በፊት ጎማ ላይ በብዛት የሚገኙት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። የመጀመሪያው ወደ አንድ ጫፍ ቀጠን የሚሉ ዘንጎች ያሉት ሲሆን እንደ አይሱዙ ባሉ የጭነት መኪኖችና በቆዩ ፒክአፖች ላይ ይታያል። አሠራሩ ሄንሪ ቲምከን በተባለ የሠረገላ ሠሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1898 በአሜሪካ የፈጠራ መብት የተመዘገበለት ነው። ይህ ዓይነቱ ኩሽኔታ ተፈትቶ ይታጠባል፣ ግራሶ ይሞላል፣ በብሎን ጥብቀቱ ይስተካከላል። ሁለተኛው በፋብሪካ ግራሶ ተሞልቶ የታሸገ ሲሆን በበርካታ የቤት መኪኖች ላይ ይገኛል። ሲበላሽ በሙሉ ከመቀየር በስተቀር አይጠገንም።

የሚበላሽበት ምክንያት

የኩሽኔታ ዋነኛ ጠላት ውኃ ነው። መኪና ረጅም መንገድ ተጉዞ ወይም ቁልቁለት ወርዶ የጎማው እምብርት በጋለበት ሰዓት ወንዝ ውስጥ ቢገባ፣ በውስጡ ያለው አየር በድንገት ቀዝቅዞ ይሰበሰባል። በዚህ ጊዜ ባረጀው የማሸጊያ ጎማ በኩል ውኃውን ከነደለሉ ወደ ውስጥ ይስባል። ግራሶው ከውኃ ጋር ሲቀላቀል ነጣ ብሎ ይቀጥናል፤ ብረቱም ይዝጋል። መኪናን ወንዝ ውስጥ አቁሞ የማጠብ ልማድም ይህንኑ ጉዳት ያስከትላል።

ሁለተኛው ምክንያት ከአቅም በላይ መጫን ነው። ሦስተኛው ሙቀት ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወይም ከደባርቅ በሊማሊሞ ቁልቁል የሚወርድ አሽከርካሪ በከባድ ማርሽ ሞተሩን እንደ ማቆሚያ ከመጠቀም ይልቅ ፍሬን ብቻ ረግጦ ከወረደ፣ የፍሬኑ ግለት ወደ ኩሽኔታው ተላልፎ ግራሶውን ያቀልጠዋል። ከዚህ ሌላ በጉድጓድ የሚደርስ ድንገተኛ ምትና በብልሃት ያልተከናወነ ገጠማም ዕድሜውን ያሳጥሩታል።

መንቀጥቀጡ ምን ይናገራል?

መሪ የሚንቀጠቀጥበትን ሁኔታ በጥንቃቄ ያስተዋለ አሽከርካሪ ግማሹን ምርመራ ጨርሷል ማለት ይቻላል።

• መንቀጥቀጡ በተወሰነ ፍጥነት፣ ለምሳሌ በሰዓት ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ጀምሮ ከዚያ በላይ ወይም በታች የሚቀንስ ከሆነ፣ በቅድሚያ የሚጠረጠረው የጎማ ባላንስ ነው። በቸርኬው ውስጥ የተጋገረ ጭቃ እንኳ ይህን ሊያመጣ ስለሚችል አስቀድሞ ማጠብ ተገቢ ነው።

• ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የፍሬኑ ዲስክ ውፍረቱ ወይም ገጹ እኩል አለመሆኑን ያመለክታል።

• በዝግታ ሲነዳም መሪው ወዲያና ወዲህ የሚል ከሆነ ጎማው አብጦ ወይም ቸርኬው ተጣሞ ሊሆን ይችላል። ያበጠ ጎማ በማንኛውም ሰዓት ሊፈነዳ ስለሚችል ጉዞ መቀጠል አይገባም።

• ጉድጓድ ከተመታ በኋላ በሚመጣ መንቀጥቀጥ የመሪ ዘንግ መገጣጠሚያዎች ተላልተው ሊሆን ይችላል።

• የኩሽኔታ ብልሽት በአብዛኛው አስቀድሞ የሚታወቀው በድምፅ ነው። ጉምጉምታው ከሞተሩ ዙር ጋር ሳይሆን ከመኪናው ፍጥነት ጋር ይጨምራል። መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማ ስለሚሄድ፣ በዚያን ጊዜ ድምፁ ከጎላ የተበላሸው የቀኙ ኩሽኔታ መሆኑ ይጠረጠራል። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ከጎላ ደግሞ የግራው ነው። መሪው በኩሽኔታ ምክንያት መንቀጥቀጥ ከጀመረ ብልሽቱ ሩቅ ሄዷል።

ፍተሻው በእጅ

መኪናው በደልዳላ ቦታ ይቆማል፤ የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ የኋላ ጎማዎች በድንጋይ ወይም በእንጨት ይታገዳሉ። ከዚያ የፊት ጎማው በክሪክ ይነሣና ከሥሩ ጠንካራ መደገፊያ ይደረጋል። በክሪክ ብቻ በተንጠለጠለ መኪና ሥር መግባት ሕይወትን ያስከፍላል።

ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ አንዱን በመግፋት ሌላውን በመሳብ መነቅነቅ የመጀመሪያው ፍተሻ ነው። የሚላላ ከሆነ ሌላ ሰው የእግር ፍሬኑን እንዲረግጥ አድርጎ ነቅነቃውን መድገም ያስፈልጋል። ፍሬኑ ሲረገጥ መላላቱ ከጠፋ ችግሩ የኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዙት መገጣጠሚያዎች ይመረመራሉ። ጎማው ከላይና ከታች ሲያዝ ጸንቶ፣ ከግራና ከቀኝ ሲያዝ ብቻ ከተነቃነቀ ደግሞ የመሪው ዘንግ ጫፍ መላላቱን ያሳያል። በመጨረሻም ጎማውን በእጅ እያሽከረከሩ በሌላው እጅ በአጠገቡ ያለውን ሞላ መንካት ይጠቅማል። አሸዋ የሚፈጭ ዓይነት ስሜት ከተሰማ ኩሽኔታው ተበልቷል።

አቀያየሩ

ጎማው ከወለቀ በኋላ የፍሬኑ መያዣ ተፈትቶ በሽቦ ይታሰራል። በፍሬን ዘይት ቱቦው እንዲንጠለጠል መተው ቱቦውን ይጎዳዋል። ተፈቺ በሆነው ዓይነት የአቧራ መከላከያው ክዳን፣ ኮፒልያውና ብሎኑ በቅደም ተከተል ይወጣሉ፤ ከዚያም እምብርቱ ይወልቃል።

በዚህ ደረጃ የሚፈጸመው የተለመደ ስሕተት ዘንጎቹን ብቻ ቀይሮ በእምብርቱ ውስጥ የተጣበቀውን አሮጌ ቀለበት መተው ነው። ሁለቱ አብረው የሚሠሩ በመሆናቸው በተቦረቦረ ቀለበት ላይ የተገጠመ አዲስ ኩሽኔታ ብዙ ሳይቆይ ይበላሻል። እምብርቱ አሮጌው ግራሶ እስኪለቅ ታጥቦ መድረቅ አለበት። አዲሱ ግራሶ ሙቀት የሚችል የጎማ ኩሽኔታ ግራሶ ሲሆን፣ በላዩ ሳይቀባ በመዳፍ እየተጫነ በዘንጎቹ መካከል ዘልቆ እንዲገባ ይደረጋል። የማሸጊያ ጎማውና ኮፒልያው በአዲስ ይተካሉ።

የብሎኑ አጠባበቅ የሥራው ቁልፍ ነው። ኩሽኔታው ቦታውን እንዲይዝ እምብርቱ እየተሽከረከረ ብሎኑ ይጠብቃል፤ ከዚያ ይላላና እንደገና በለሆሳስ ይያዛል። ትክክለኛው ልክ ከአምራቹ መመሪያ ይወሰዳል። ከመጠን በላይ የጠበቀ ኩሽኔታ ግሎ ሊነክስ፣ የላላ ደግሞ ጎማውን ሊያወዛውዝ ይችላል።

የታሸገው ዓይነት ግን በማተሚያ መሣሪያ ተጭኖ እንጂ በመዶሻ ተመትቶ መግባት የለበትም። ግፊቱም ማረፍ ያለበት በሚገጠመው ቀለበት ላይ ነው። ወደ ውጫዊው ቀለበት የሚገባውን ኩሽኔታ በውስጠኛው መግፋት ኳሶቹን ይሰረጉዳል፤ መኪናው ከጋራዥ በወጣ ማግሥት መጮኽ ይጀምራል። ኤቢኤስ ባላቸው መኪኖች ላይ የአንዱ ገጽ የፍጥነት መለኪያ ማግኔት ሊይዝ ስለሚችል አቅጣጫው እንዳይገለበጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ማተሚያና የጥብቀት መለኪያ ቁልፍ የሌለው ጋራዥ ይህን ሥራ ባይጀምረው ይመረጣል።

ከተጠናቀቀ በኋላ አጭር ጉዞ ተደርጎ የሁለቱ የፊት ጎማዎች እምብርት ሙቀት ይነጻጸራል። አንዱ ብቻ እጅ የማያስነካ ከሆነ ኩሽኔታው ከልኩ በላይ ጠብቋል፣ ወይም ፍሬኑ ይዟል። የጎማ ብሎኖችም በመስቀለኛ ቅደም ተከተል ጠብቀው ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዙ በኋላ እንደገና ይፈተሻሉ።

ዕቃ ሲገዛ

በኩሽኔታው ጠርዝ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ዓይነቱንና መጠኑን ይገልጻል። ለምሳሌ በመደበኛው አጻጻፍ 6204 በተባለው ላይ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች በ5 ሲባዙ የውስጥ ቀዳዳውን ስፋት፣ 20 ሚሊ ሜትር ይሰጣሉ። አሮጌውን ኩሽኔታ ይዞ ወደ መለዋወጫ መደብር መሄድና ቁጥሩን ማመሳከር ከስሕተት ያድናል። ጽሑፉ የደበዘዘ፣ ማሸጊያው የተከፈተ ወይም በእጅ ሲዞር የሚንቀራፈፍ ዕቃ አይገዛም። ደረሰኝ መቀበልም ዕቃውን ለመመለስ ሊረዳ ይችላል።

ጋሪና ትራክተር

ጉዳዩ የመኪና ባለቤቶች ብቻ አይደለም። ባለ ጎማ ጋሪ፣ የትራክተር ተጎታችና የትራክተር የፊት እግር የሚሽከረከሩት በኩሽኔታ ነው። ግራሶው የደረቀ ጋሪ ለእንስሳው ተጨማሪ ሸክም ነው፤ ፈረሱ ወይም በቅሎው ከምርቱ በተጨማሪ ፍትጊያውንም ይጎትታል። በአዝመራ መግቢያና መውጫ ጎማውን ከመሬት አንሥቶ መነቅነቅ፣ ማሽከርከርና ግራሶውን ማየት ብዙ ጊዜ አይወስድም።

የሚጮኽ ኩሽኔታ እስከ መጨረሻው ከተነዳ ሊነክስ፣ የእግር ዘንጉን ሊበላና ጎማውን ከነእምብርቱ ሊያስወልቅ ይችላል። ስለሆነም ጉምጉምታ የሰማ ወይም የተላላ ጎማ ያገኘ አሽከርካሪ ተሳፋሪና ጭነት ይዞ ከመውጣቱ በፊት ሊያስጠግን ይገባል።