ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት፦ ቦታ ለጠበበው ላፕቶፕ

ከጥቅምት ወዲህ በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፦ «ዊንዶውስ 11 ላስገባ ስል ቦታ የለም ይለኛል፤ ፎርማት ላስደርገው?» የሚጠይቁኝ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የአጋሮና የየቡ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሒሳብ ሠራተኞች፣ ከሰቃና ከሊሙ ገነት የሚመጡ መምህራን ናቸው። ለአንዱ የመለስኩት ለሌላውም ስለሚሆን እዚሁ ጊንጆ ሰፈር ቁጭ ብዬ በአንድ ላይ ጽፌዋለሁ። ረዘም ይላል። ግን ላፕቶፑ ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ወይም የማኅበሩ ሒሳብ ካለ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ላፕቶፑ በማግስቱ አልሞተም፤ እንደ ወትሮው ይነሳል፣ ይሠራል። የተቋረጠው የደኅንነት ማስተካከያው ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ የሚገኝ ቀዳዳ ሳይደፈን ይቀራል። በእኛ አካባቢ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከአንዱ ፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ሌላው ሲዞር ይውላል፤ ቫይረስ ለመግባት ኢንተርኔት እንኳ አያስፈልገውም። ቀኑ የዋለው ደግሞ ቀይ ቡና መለቀም በሚጀምርበት ሰሞን ነው። «ግዢው ይለፍ» ብለው ያቆዩት ማኅበራት ትክክል አድርገዋል ብዬ አምናለሁ፤ በለቀማ ወቅት የሒሳብ ላፕቶፕ አይነካም። አሁን ግን ጊዜ ተሰጥቶት ሊሠራ ይገባል።

በቅድሚያ ማሽናችሁ ዊንዶውስ 11ን ይችል እንደሆነ እዩ፤ ካልቻለ ቦታ ማስለቀቁ ለዚህ ዓላማ አያገለግልም። የሚጠየቀው 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ፣ ሴኪዩር ቡት እና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ነው። ከሁሉ በላይ ሰው የሚያስቸግረው ግን ፕሮሰሰሩ ነው፦ በኢንቴል በኩል በጥቅሉ ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ያለው ነው የሚፈቀደው። ኮር አይ 5 ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ተመልከቱ። በ6 ወይም በ7 የሚጀምር ከሆነ በተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ የለም ብላችሁ ያዙ። በየሱቁ ስላይትሊ ዩዝድ እየተባለ የሚሸጠው ኢሊትቡክ 840 ጂ3፣ ለምሳሌ፣ 6ኛ ትውልድ ነው። ጥሩ ማሽን ነው፤ ለዊንዶውስ 11 ግን አልተፈቀደለትም። ፕሮሰሰሩ አልፎ ቲፒኤም የለም ከተባላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ ብዙ ጊዜ ባዮስ ውስጥ ተዘግቶ ነው። በኢንቴል ማሽን ፒቲቲ፣ በኤኤምዲ ደግሞ ኤፍቲፒኤም የሚለውን ፈልጋችሁ ክፈቱ። ላፕቶፑ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ግን ባዮስ ከመንካታችሁ በፊት የመክፈቻ ቁልፉ በእጃችሁ መኖሩን አረጋግጡ፤ ቁልፉ ከሌለ ፋይሉም የለም።

ወደ ቦታው እንምጣ። 64 ጊጋ ተብሎ የተገዛ ላፕቶፕ ዊንዶውስ ውስጥ 58 ወይም 59 ሆኖ ይታያል፤ 128ቱ ደግሞ 119። ሻጩ አልሸወዳችሁም። አምራቹ የሚቆጥረው በ1000፣ ዊንዶውስ የሚቆጥረው በ1024 ስለሆነ ነው። ከዚህ ላይ ዊንዶውስ ራሱ ለአፕዴት ብሎ 7 ጊጋ ገደማ ሊያስቀምጥ ይችላል። ወደ ዊንዶውስ 11 ስታልፉ ደግሞ አሮጌው ሲስተም ወዲያው አይጠፋም፤ ወደ አንድ ማኅደር ተገፍቶ አዲሱ ከጎኑ ይሰፍራል። ያለፈው ዓመት ቡና ሳይወጣ የዘንድሮው እዚያው መጋዘን ሲገባ እንደማለት ነው። ለጊዜውም ቢሆን ሁለቱን የሚይዝ ቦታ ያስፈልጋል። እኔ ከ20 እስከ 25 ጊጋ ባዶ ሳላይ ሥራውን አልጀምርም።

ታዲያ ቦታውን የያዘው ምንድን ነው? ሴቲንግስ ገብታችሁ ሲስተም፣ ከዚያ ስቶሬጅ በሉ፤ ምኑ ምን ያህል እንደያዘ ዘርዝሮ ያሳያችኋል። በእጄ ባለፉት ላፕቶፖች ላይ ከማንም በፊት የሚገኘው ቴሌግራም ነው። ትምህርቱም፣ ፊልሙም፣ የቢሮው ደብዳቤም፣ የቡና ዋጋውም በቴሌግራም ነው የሚመጣው፤ የከፈታችሁት ፎቶና ቪዲዮ ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ ቅጂውን ይተዋል። ቴሌግራም ላይ ሴቲንግስ፣ አድቫንስድ፣ ማኔጅ ሎካል ስቶሬጅ ብላችሁ ካሹን አጽዱ። ከቻታችሁ የሚጠፋ ነገር የለም፤ ፋይሉ ሰርቨሩ ላይ ስላለ ስትፈልጉት እንደገና ይወርዳል። እዚያው አውቶማቲክ ማውረዱን ዝጉት፤ ለፓኬጃችሁም ይበጃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ይህን ሳያውቁ የከሰሩ ሰዎች ስላሉ በደንብ ያዙት። ስቶሬጅ ውስጥ ቴምፖራሪ ፋይልስ የሚል ዝርዝር አለ። ሰው «ጊዜያዊ ፋይል» ሲል ሁሉም ላይ ምልክት አድርጎ ሪሙቭ ይላል። ዝርዝሩ ውስጥ ግን ዳውንሎድስ የሚልም አለ። በቴሌግራም ሴቭ ያደረጋችሁት ሁሉ የሚቀመጠው ደግሞ፣ እናንተ ካልቀየራችሁት በስተቀር፣ ዳውንሎድስ ውስጥ ቴሌግራም ዴስክቶፕ በሚል ማኅደር ነው። አማካሪ መምህሩ አርሞ በቴሌግራም የላከለት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ተማሪው ከዚያው ከፍቶ ሲጽፍበት የከረመው፣ እዚያ ነው ያለው። ዳውንሎድስ ላይ በጭራሽ ምልክት አታድርጉ። በእጃችሁ ግቡና እያያችሁ ለዩት።

ከዝርዝሩ ያለ ሥጋት የሚጠፉት ዊንዶውስ አፕዴት ክሊንአፕ፣ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን ፋይልስ እና በዝርዝሩ ውስጥ በዚያው ስም ያለው ቴምፖራሪ ፋይልስ ናቸው። ሪሳይክል ቢኑንም አይታችሁ ባዶ አድርጉት። ሃይበርኔትን ማጥፋትም ቦታ ይለቅቃል፦ ፋይሉ እንደተለመደው የራሙን 40 በመቶ ያህል ስለሚይዝ ባለ 8 ጊጋ ራም ላፕቶፕ ላይ ከ3 ጊጋ በላይ ይገኛል። ትዕዛዙን ከዚህ ጽሑፍ ቀጥሎ በምስል አስቀምጬዋለሁ። ከዚያ በኋላ ላፕቶፑ ሲነሳ ትንሽ ሊዘገይ ይችላል፤ ሥራው ሲያልቅ መልሳችሁ መክፈት ትችላላችሁ። ዊንዶውስ የሚለው ማኅደር ውስጥ ገብታችሁ ግን በእጃችሁ ምንም አታጥፉ። ዊንኤስኤክስኤስ የተባለው ትልቅ ሆኖ ስለሚታይ ያጓጓል፤ አብዛኛው ፋይል ሌላ ቦታ ካለው ጋር አንድ ሆኖ ሁለት ጊዜ የተቆጠረ ነው፤ ብትነኩት ሲስተሙ ይበላሻል። «ላፕቶፕ ያፋጥናል» የሚሉ የጽዳት ፕሮግራሞችንም አታስገቡ። የሚጠቅመው ሁሉ ዊንዶውሱ ውስጥ አለ።

ዘመድ ከውጭ የሚልካቸው ባለ 32 እና ባለ 64 ጊጋ ትንንሽ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ማከማቻቸው ኢኤምኤምሲ ነው። ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ አይቀየርም፤ ባለ 32ቱም ለዊንዶውስ 11 አይበቃም። ሚሞሪ ካርድ መክተቻ ካላቸው ግን ካርድ ግዙና ሰነድና ቪዲዮውን፣ የቴሌግራም ማውረጃውንም ጭምር ወደዚያ አዙሩት። አሮጌዎቹ ላቲቲዩድና ኢሊትቡክ ግን ኤስኤስዲያቸው ይፈታል። 128ቱን በ256 መቀየር ከምታስቡት ያነሰ ሥራ ነው፤ ገንዘቡ ካለ ከሁሉ የተሻለው መፍትሔም እሱ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ። ከመጀመራችሁ በፊት ፋይላችሁ ከላፕቶፑ ውጭ በሁለት ቦታ ይቀመጥ። አንድ ፍላሽ አይበቃም፤ ፍላሽ ይጠፋል፣ ይበላሻል። በፒችትሪ የምትሠሩ የሒሳብ ሰዎች ማኅደሩን ኮፒ ማድረጋችሁ መልካም ሆኖ፣ ፕሮግራሙ ውስጥ ፋይል ከሚለው ገብታችሁ ባክአፕ የሚለውን ራሱን ተጠቀሙ፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይም ከፍታችሁ ሞክሩት። የአባላት ገበሬዎች ሒሳብ ነው፤ ማን ስንት ኪሎ እንዳስገባ፣ ማን ምን ያህል ቀሪ እንዳለው የሚታወቀው ከዚያ ነው። ያ መዝገብ ሲጠፋ የሚጎዳው ላፕቶፑን የያዘው ሰው ብቻ አይደለም።

በአማርኛ ለምትጽፉ ደግሞ ፎንቶቻችሁን ኮፒ አድርጉ። በድሮው ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ የተጻፉ ደብዳቤዎች ፎንታቸው ከሌለ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆነው ይከፈታሉ። ሰው ፋይሉ ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል፤ ግን አልተበላሸም፤ ፎንቱ ሲመለስ ጽሑፉም ይመለሳል። ኒያላም ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ከሲስተሙ ጋር ሁልጊዜ አይመጣም፤ ኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ የኢትዮፒክ ፎንቶች የሚለውን መጨመር ያስፈልጋል። የአፋን ኦሮሞ ሰነድ በቁቤ ስለሚጻፍ ይህ ችግር የለበትም። በሁለቱም ቋንቋ ደብዳቤ የሚወጣበት ቢሮ ግን የአማርኛውን ፋይል ከፍቶ ሳያይ ሥራው አለቀ አይበል።

አጫጫኑን በተመለከተ፣ ዊንዶውስ 11ን በራሳችሁ ዳታ አታውርዱት። ፋይሉ ከ5 ጊጋ በላይ ነው፤ መሐል ላይ ኔትወርክ ከተቋረጠም ፓኬጁ ባክኖ ይቀራል። ዋይፋይ ያለው ሰው ከማይክሮሶፍት ገጽ አንዴ ያውርድና ቢያንስ 8 ጊጋ በሆነ ፍላሽ ላይ ያዘጋጀው፤ ለአሥር ሰው ይበቃል። ከዚያ ላፕቶፑን አጥፍታችሁ ከፍላሹ አታስነሱት። ዊንዶውስ 10 ክፍት እንዳለ ፍላሹን ክፈቱና ሴትአፕ የሚለውን ተጫኑ። በዚህ መንገድ ከሄዳችሁ ፋይላችሁም ፕሮግራማችሁም ባለበት ይቆያል። መጀመሪያ ላይ አፕዴት ላውርድ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ለአሁን ይቅር በሉት። ቦታ ካነሰው ሌላ ድራይቭ እንድትሰጡት ሊጠይቅ ይችላል፤ 10 ጊጋ ወይም ከዚያ በላይ ባዶ ያለው ሌላ ፍላሽ ወይም ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ስጡት፤ እስኪጨርስ ድረስም አትንቀሉት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ግራ የሚጋባበት አለ፦ «ፋይልና ፕሮግራም ይቆይ» የሚለው ምርጫ ደብዝዞ አልመረጥ ይላል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የቋንቋ ልዩነት ነው። ላፕቶፑ ላይ ያለው የአሜሪካ እንግሊዝኛ ሆኖ ፍላሹ ላይ ያለው ኢንግሊሽ ኢንተርናሽናል ከሆነ አይስማሙም። ኤዲሽኑም (ሆም ወይም ፕሮ የሚለው) እንዲሁ ነው። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ወዲያው ፎርማት ወደ ማድረግ ይሄዳል፤ እናንተ ግን ትክክለኛውን ፍላሽ ጠይቁ።

ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው የተሸጡ ላፕቶፖች የፈቃድ ቁልፋቸው ቦርዱ ውስጥ ተቀምጧል። ሆም ከሆነ ሆም፣ ፕሮ ከሆነ ፕሮ ስትጭኑበት ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ይሆናል። ሆም በነበረው ላይ ፕሮ ይጫንና አክቲቬት አልል ሲል ሕገወጥ አክቲቬተር ይገባበታል፤ ከዚያ ጋር ምን እንደገባ ማንም አያውቅም። ስለዚህ «ሆም ነው ፕሮ?» ብላችሁ ከመጀመሪያው ጠይቁ፤ ገንዘብ የምትከፍሉበት ሥራ ነውና መጠየቅ መብታችሁ ነው።

መብራቱንም አስቡ። የስላይትሊ ዩዝድ ባትሪ ብዙ ጊዜ ደክሟል። ቻርጀሩ ተነቅሎ ግማሽ ሰዓት የማይቆይ ከሆነ ዩፒኤስ ያለበት ቢሮ ወስዳችሁ ሥሩት። መሐል ላይ ቢጠፋ ዊንዶውስ ወደ ነበረበት ለመመለስ ይሞክራል፤ ሁልጊዜ ግን አይሳካለትም።

ፕሮሰሰራቸው የማይፈቅድላቸው ሰዎች ቀርተዋል፤ በቁጥርም ብዙ ናችሁ። መመርመሪያውን አልፎ የሚጭን መንገድ አለ፤ ማይክሮሶፍት ግን ለእንዲህ ዓይነት ማሽን አፕዴት መምጣቱን አያረጋግጥም፤ ለማኅበር ሒሳብ አልመክረውም። የተሻለው ዊንዶውስ 10ን ወደ መጨረሻው እትም፣ ወደ 22ኤች2፣ አድርሶ ለተራዘመው የደኅንነት ድጋፍ መመዝገብ ነው። ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ ኢንሮል የሚል ይመጣል። ለግል ተጠቃሚ ነው፤ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብታችሁ ሴቲንጋችሁን ባክአፕ ካደረጋችሁ ክፍያ የለውም፤ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ያገለግላል። የሚቀጥለው ለቀማ እስኪጀምር ፋታ ሰጣችሁ ማለት ነው። ላፕቶፑን ለጽሑፍ፣ ለኢንተርኔትና ለንባብ ብቻ የምትጠቀሙ ተማሪዎች ሊኑክስ ሚንትን ሞክሩ፤ በ20 ጊጋ ይጫናል፤ ሳትጭኑት ከፍላሽ አስነስታችሁ ማየትም ትችላላችሁ። ፒችትሪ ግን የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው፤ እሱን የምትጠቀሙ እዚያው ቆዩ።

አፕግሬዱ ያለፈላችሁ ደግሞ አሮጌው ዊንዶውስ አሁንም ቦታ ይዞ እንዳለ አትርሱ። እስከ 10 ቀን ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሪከቨሪ ገብታችሁ ወደ ዊንዶውስ 10 መመለስ ትችላላችሁ። ቦታ ጠበበኝ ብላችሁ በመጀመሪያው ቀን አታጥፉት። ፕሪንተሩ ያትም እንደሆነ፣ ፒችትሪ ያለፈውን ዓመት ሒሳብ ይከፍት እንደሆነ፣ የአማርኛው ደብዳቤ በትክክል ይነበብ እንደሆነ ሞክሩ። ሁሉም ከሠራ ቴምፖራሪ ፋይልስ ውስጥ ፕሪቪየስ ዊንዶውስ ኢንስታሌሽን የሚለው ላይ ምልክት አድርጋችሁ አጥፉት። ብዙ ጊጋ በአንዴ ይለቀቃል። ዳውንሎድስ ላይ ምልክት አለመኖሩን ግን እዚህም እንደገና እዩ።