«እረኛ ምን አለ?»፦ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተሰኘውን ፊልም በሥነ ቃል ዐይን ማየት

የዚህ መጣጥፍ ዓላማ የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተሰኘ ፊልም በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ውስጥ ሊኖረው የሚገባውን ቦታ ማመልከት ነው። ፊልም የሥነ ጽሑፍ ክፍል ጉዳይ አይደለም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ በእኛም ዘንድ እንዲህ የሚሉ ባልደረቦች አሉ። ያን ክርክር እዚህ አላነሣውም። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ፊልም የቆመው በሥነ ቃል ላይ ስለሆነ ሥነ ቃሉን የማያውቅ ተመልካች ግማሹን ብቻ አይቶ ይነሣል። ይህ አሳብ ደግሞ ከፋርጣ፣ ከእስቴ፣ ከላይ ጋይንትና ከፎገራ ከመጡ ተማሪዎች ጋር ፊልሙን ደጋግሞ ከማየት የተገኘ ነው።

ለማያውቁት አንባብያን ጥቂት ልበል። ኃይሌ ገሪማ የካቲት 25 ቀን 1938 ዓ.ም. ጎንደር ተወለደ። (የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅም የወጣው በ1967 ዓ.ም. በዚያው በየካቲት 25 ቀን ነው፤ አጋጣሚው ደስ ስለሚለኝ ሳላነሣው አላልፍም።) አባቱ ገሪማ ታፈረ የጎንደር አርበኞችን ተጋድሎ የሚተርከውን «ጎንደሬ በጋሻው»ን የጻፉ፣ ተውኔትም እየደረሱ ከቡድናቸው ጋር በየገጠሩ እየዞሩ ያሳዩ የነበሩ ሰው ናቸው። ልጁም ያደገው በዚያው ቡድን ውስጥ እየተወነ ነው። ኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ መጀመሪያ ቺካጎ ቲያትር፣ ቀጥሎም ሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም አጠና። ገና ተማሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1974፣ የንጉሡ መንግሥት በሚናጋበት ወቅት አገር ቤት መጥቶ ይህን ፊልም በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀረጸ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ የተቀረጸው በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ሲሆን ርዝመቱ 150 ደቂቃ ያህል ነው፤ የሚናገረው አማርኛ ነው፤ ተዋንያኑ ሙያተኞች አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1976 በካን ታየ፤ በዚያው ዓመት በሎካርኖ ተሸለመ። ኃይሌን ሰው ይበልጥ የሚያውቀው ከዚያ በኋላ በሠራቸው በ«ሳንኮፋ» (1993 እ.ኤ.አ.) እና በ«ጤዛ» (2008 እ.ኤ.አ.) ነው፤ «ምርት»ን በስሙ እንኳ የሚያውቅ ተማሪ ከስንት አንድ ነው የሚገኘው።

እኔም የደረስሁበት በአጋጣሚ ነው። በ1996 ዓ.ም. ደብረ ታቦር አማርኛ አስተማሪ ሳለሁ የአራሽ ዜማ የተቀረጸበት ነገር ፍለጋ ወደ አንድ ቪዲዮ ቤት ጎራ አልሁ። ባለቤቱ ከሕንድ ፊልሞች ክምር ሥር «ምርት» ብቻ ተብሎ በእስክሪብቶ የተጻፈበት ካሴት አውጥቶ «መምህር፣ ይሄ የግብርና ነው፤ እስካሁን ማንም አልተከራየውም፤ ከፈለጉ ይውሰዱት» አለኝ። የቅጂ ቅጂ ነበርና ምስሉ ይርገበገባል፤ ድምፁ ይሻክራል። ያም ሆኖ በዚያው ሌሊት እስከ መጨረሻው አየሁት፤ በማግሥቱም ደገምሁት። የያዘኝ በመጀመሪያ የታሪኩ ሂደት አልነበረም፤ ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ የጭሰኛ ቤተሰብ አለ፤ አንድ ባለመሬት አለ፤ ሰው እብድ የሚለው ከበበ የሚባል ሰው አለ። የያዘኝ ንግግሩ ነው። እስከዚያ ድረስ ካየኋቸው ፊልሞች በአንዱም ውስጥ አራሽ እንደ አራሽ፣ እረኛ እንደ እረኛ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሳላየው ያለፍሁበት ጊዜ የለም።

ፊልሙ ይዘገያል። ጎሕ ይቀዳል፤ ቤተሰቡ ይነሣል፤ በሬ ይጠመዳል፤ ይታረሳል፤ ይመሻል። ከከተማ የመጡ ተማሪዎች እዚህ ላይ ማዛጋት ይጀምራሉ። በጉና ተራራ ሥር ገብስ ሲታረስ እያየ ያደገው ግን የሚያየው ሌላ ነው፤ ሞፈሩ ከቀንበሩ እንዴት እንደ ተያያዘ፣ አራሹ ትልሙን ጨርሶ ሲዞር በሬዎቹን እንዴት እንደሚያናግር፣ ጅራፉ መቼ እንደሚያስፈራራና መቼ እንደሚመታ። አንድ የእስቴ ልጅ በክፍል ውስጥ «ያኛው ወይፈን ነው፤ ገና አልተገራም» ብሎ ሁላችንንም አስቆናል፤ እውነቱን ነበር። የዚህ ዝግታ ትርጉም ለእኔ የተገለጠልኝ በአዝማች ነው። በሕዝብ ዘፈን ውስጥ አዝማቹ በተመለሰ ቁጥር ቃሉ ያው ነው፤ በመካከሉ የገባው ስንኝ ግን ሰሚውን ስላንቀሳቀሰው አዝማቹ እንደ ፊተኛው አይሰማም። በፊልሙም ንጋቱ ይመለሳል፤ እርሻው ይመለሳል፤ ከፍ ካለው ደጁ ላይ ወንበሩን አስቀምጦ ጭሰኞቹን ቁልቁል የሚመለከተው ባለመሬት ይመለሳል። በሦስተኛው ጊዜ ያ ወንበር እንደ መጀመሪያው ወንበር አይታይም። በፊልሙ ውስጥ የሙሽራዋን ሦስት ሺህ ዓመት የቆየ ቀሚስ የሚያነሣ ዘፈን አለ፤ የርእሱ ቁጥርም ከዚያው ጋር የተያያዘ ነው። የሰሎሞናዊው ሥርወ መንግሥት መኩሪያ የነበረውን ሦስት ሺህ ዓመት ወስዶ የጭሰኛው ልብስ ዕድሜ ማድረግ ሰምና ወርቅን ለሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አያሻውም።

አሁን ወደ ርእሴ ልምጣ። «እረኛ ምን አለ?» የሚለው ጥያቄ ከአገራችን የአስተዳደር ባህል የመጣ መሆኑ ይታወቃል። ገዢዎች የሕዝቡን ሆድ ለማወቅ ሲሹ እረኛ በየመስኩ የሚያዜመውን ያስጠይቁ ነበር፤ እረኛ የሰማውን ሳያጣራ፣ የሚመጣበትንም ሳያሰላ ይለዋልና። በደብረ ታቦር በዓል ነሐሴ 13 ቀን ልጆች ጅራፍ እያጮሁ በየደጁ ሲጨፍሩ፣ ቆጥቋጣውን ባለቤት በግጥም ሸንቆጥ ሲያደርጉት፣ ከዚያ ፈቃድ ጥቂቱ ዛሬም ይታያል። ኃይሌ ገሪማ ይህን ፈቃድ ለፊልሙ መዋቅር ተጠቅሞበታል። ባለመሬቱ ከላይ ሆኖ ይጮኻል፤ ድምፁ ወደ ታች ይወርዳል። እረኞቹ ከታች ናቸው፤ እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ፤ ያየነውን ሁሉ በልጅ ቋንቋ ይተረጉሙታል። ባለመሬቱ ግን «እረኛ ምን አለ?» ብሎ አይጠይቅም። የድሮዎቹ ገዢዎች እንኳ ያደርጉት የነበረውን ይህ ሰው አያደርገውም፤ ጥፋቱም የሚመጣው ከዚሁ ነው ብዬ አምናለሁ።

እረኛዋ ልጅ በደራሽ ውሃ የምትሞትበትን ትዕይንት ያለ ደቡብ ጎንደር ተማሪዎች አልረዳውም ነበር። ከብት ለማዳን ብላ ወንዝ ትገባለች፤ ውሃው ይወስዳታል። በውጭ አገር የተጻፉ ትንታኔዎች ይህን የጭቆና ምልክት አድርገው ያነቡታል፤ ስሕተት አይደለም። ነገር ግን ርብና ጉማራ ከጉና ወርደው ፎገራን ሲያጥለቀልቁ ያየ ልጅ ምልክት ከማለቱ በፊት የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። «ለምን ገባች?» ብዬ በጠየቅሁ ጊዜ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ «ከብት ጥላ ቤት ብትገባ የሚጠብቃት ቁጣ ከውሃው ይበልጣላ» አለች። ማንም አልሳቀም። ልጅቱ ይህን ስትል ስለ ፊልሙ ብቻ እየተናገረች እንዳልነበር ሁላችንም ገብቶናል። ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር እኔ ስለ ትዕይንቱ ካዘጋጀሁት ማስታወሻ ሁሉ የተሻለች ናት።

ከበበን በተመለከተ፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ወዲያው የሚያስታውሰው በ1958 ዓ.ም. በታተመው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያለውን ጉዱ ካሳን ነው። ሁለቱም እብድ ይባላሉ፤ ሁለቱም እብድ በመባላቸው ሌላው የማይደፍረውን ይናገራሉ። አዝማሪ በመሰንቆው፣ አልቃሽ በሙሾዋ፣ እብድ በእብደቱ የመናገር ፈቃድ ያገኛሉ፤ ይህ የታወቀ ነው። ልዩነቱ ግን ከመመሳሰሉ የበለጠ ያስተምራል። ጉዱ ካሳ የተማረ ነው፤ የመሳፍንቱ ዘመድ ነው፤ የሚነቅፈውን ቤት ከውስጥ ያውቀዋል። ከበበ ከጣሊያን ጋር ተዋግቶ ሲመለስ መሬቱን ያጣ ሰው ነው። ጉዱ ካሳ ሥርዓቱ እንዲታደስ ይመክራል፤ ሰሚ ያጣል። ከበበ መምከሩን ትቶ በመጨረሻ ዱላውን ያነሣል፤ ባለመሬቱንም ይገድላል። እብድ ከንግግር ፈቃዱ አልፎ ሲመታ በሥነ ቃላችን ውስጥ ቦታ የለውም፤ ተረቱም ግጥሙም እዚያ አይደርሱም። ፊልሙ ከሥነ ቃል ተነሥቶ ሥነ ቃልን ጥሎ የሚሄደው እዚህ ላይ ነው። ለአርበኞች ታሪክ የጻፉ አባት ልጅ ይህን አርበኛ መፍጠሩንም ልብ ይሏል።

አንድ ተቃውሞ አለ፤ ተገቢ ነው። የፋርጣ ሽማግሌዎች ይህን ታሪክ ቢሰሙ «እኛ ባለርስት እንጂ ጭሰኛ አልነበርንም» ይላሉ። በጎንደርና በጎጃም ሰው ከአባት ከእናቱ ዘር ቆጥሮ ርስት ይይዝ ነበር፤ ሸክሙ የሚመጣው በጉልት ገዢው በኩል፣ በግብርና በአሥራት መልክ ነው። ፊልሙ የሚያሳየው ባለመሬትና ጭሰኛ በይበልጥ የደቡቡን የመሬት ሥሪት ይመስላል። ስለዚህ ፊልሙን የጎንደር ገጠር ቀጥተኛ ምስል አድርጎ ማስተማር አይቻልም። ይሁንና ርስት የሁሉም አልነበረም። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ አብዛኛውም ሙስሊም ከርስት ውጭ ነበሩ፤ የሌላውን መሬት በእኩል ያርሱ ነበር። ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለው ጋፋት የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ የተሠራበት ቦታ ነው እያልን እንኮራበታለን፤ ብረት ቀጥቃጭ መሬት ነበረው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ተማሪዎቼ በ1989 ዓ.ም. በክልሉ የተካሄደውን የመሬት ክፍፍል ወሬ በየቤታቸው ሰምተው ያደጉ ስለሆኑ እዚህ ላይ ክርክሩ ይጋጋማል፤ ብዙ ጊዜ የክፍሉ ሰዓት የሚያልቀው በዚሁ ነው።

ፊልሙ እንከን የለውም አልልም። ከበበ ረዥም ንግግር በሚያደርግባቸው አንዳንድ ቦታዎች የገጸ ባሕርዩ ድምፅ ጠፍቶ የዘመኑ የተማሪዎች ንቅናቄ ድምፅ ይሰማል፤ ወረቀት የሚነበብ ይመስላል። ሰው እንደ በሬ ተጠምዶ የሚያርስበት የሕልም ትዕይንት ግን ያን ሁሉ ንግግር ያለ አንድ ቃል ይለዋል። «ቀንበር» በአማርኛ ከስንት ዘመን ጀምሮ ዘይቤ ሆኖ ስለኖረ ብዙዎቻችን እንጨቱን ረስተነዋል፤ ኃይሌ ዘይቤውን ወደ እንጨትነቱ መልሶ በሰው ጫንቃ ላይ ጫነው። ስለ ዘይቤ ሳስተምር ከመጽሐፍ ይልቅ ይህን ትዕይንት ማስቀደም የጀመርሁት ለዚህ ነው። ሎስ አንጀለስ ያስተምር የነበረው ኢትዮጵያዊው ምሁር ተሾመ ገብርኤል ስለ ሦስተኛው ሲኒማ እ.ኤ.አ. በ1982 ያሳተመው መጽሐፍ ፊልሙን ከላቲን አሜሪካና ከአፍሪካ የትግል ፊልሞች ጋር እንድናነበው መንገድ ከፍቷል። የእኛ ፋንታ ከአገሩ ቃል ጋር ማንበብ ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ2006 ፊልሙ በጣሊያን አገር በቦሎኛ የሲኒማ ማኅደር ታድሷል። ጣሊያንን የተዋጋውን የከበበን ፊት ከእርጅና ያዳኑት ጣሊያኖች መሆናቸው ነው። በታደሰው ቅጂ ላይ በካሴቱ ያልሰማኋቸውን ቃላት ሰምቻለሁ፤ ስለዚህም ከተማሪዎች ጋር ንግግሩን በሙሉ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ጀምረናል። ለቤተሰቡ ውሎና ለከበበ ንግግር ብዙም አልተቸገርንም። የቸገረን የወንዙ ትዕይንት ነው። ጩኸቱን ሦስት ተማሪዎች በሦስት መንገድ ሰሙት፤ አንዱ የሰው ስም ነው አለ፤ ሌላው የከብት ጥሪ ነው አለ፤ የጋይንቱ ልጅ ደግሞ «ቃል አይደለም፤ ከአፋፍ ወደ አፋፍ የሚጮኸው ኡኡታ ነው፤ እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት እንዲህ ነው» አለ። እኔም ወደ እሱ አደላለሁ፤ ኡኡታውን በፊደል እንዴት እንደምንጽፈው ግን እስካሁን አልተስማማንም።