ለመኪና ጥገና የሚሆን የእጅ መብራት አመራረጥ

ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ደባርቅ የሚደርሰው፤ ከደባርቅም በሊማሊሞ ገደል ወደ ቆላው ወርዶ በዛሪማና በአዲ አርቃይ ወደ ትግራይ የሚያልፈው መንገድ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት ኢጣልያኖች ያሠሩት ነው። የደጋው እህልና ከብት ወደ ጎንደር የሚጓዘው፤ ጨርቁ፤ ስኳሩ፤ ሳሙናውና ቆርቆሮው ወደ ደጋው የሚወጣው በዚሁ መንገድ ስለ ሆነ፤ የአገሩ ንግድ በመኪና ደኅንነት ላይ የቆመ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መኪና ግን ቀን ይሠራል፤ ማታ ይጠገናል። ሚኒባሱም ሆነ አይሱዙው፤ ባጃጁም ሆነ የመስክ መኪናው ቀን ከቆመ ባለቤቱ የዕለት ገቢውን ያጣል። ስለዚህ ጎማ መለወጥ፤ ዘይት ማየት፤ የላላ ቡሎን ማጥበቅና ይህን የመሰለው ትንንሽ ጥገና ብዙውን ጊዜ የሚፈጸመው በባለቤቱ ግቢ ውስጥ ከመሸ በኋላ ነው። በዚህ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በ12 ሰዓት ገደማ ወይም ጥቂት ዘግይታ ትጠልቃለች፤ ከጠለቀችም በኋላ ጨለማው ፈጥኖ ይወርዳል። ስለሆነም ለጥገና የሚሆን የእጅ መብራት በዳባትና በደባርቅ ሱቆች ሁልጊዜ ገዢ ያለው ዕቃ ነው። የሚሸጠው ነጋዴም የዕቃውን ጠባይ አውቆ መሸጥ ይገባዋል።

ነገሩ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ የጭነት መኪና ሕይወቱ በፍሬኑ ነው። ከጎማው በስተጀርባ ካለው ቀጭን የፍሬን ቱቦ የምትንጠባጠብ ጠብታ በጥሩ መብራት ስትታይ፤ በደካማ መብራት ግን ውሃ ወይም ጭቃ ትመስላለች። ማታ ያልታየውን ጉድለት በማግሥቱ የሚያሳየው ገደሉ ነው።

ስለ እሳት አደጋ

ከሁሉ አስቀድሞ ኩራዝ፤ ፋኖስና ሻማ ለመኪና ጥገና የማይሆኑ መሆናቸው መታወቅ አለበት። የቤንዚን ትነት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ብርድ እንኳ እሳት ሊይዝ የሚችል ነው፤ የደጋው ብርድ ከዚህ አደጋ አያድንም። ከዚህም በላይ ትነቱ ከአየር የከበደ ስለ ሆነ ወደ ምድር ወርዶ በጉድጓድና በመኪናው ሥር ይጠራቀማል። ሠራተኛው የሚተኛበት ስፍራም ይኸው ነው።

ባለ ሽቦው የድሮ አምፑልም ቢሆን ከአደጋ የራቀ አይደለም። ብርጭቆው እጅግ ይግላል፤ ወድቆ ሲሰበርም የጋለው ሽቦ የፈሰሰ ቤንዚን ካገኘ እሳት ያስነሣል። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፤ በዛሬው ጊዜ ብርጭቆ የሌለውንና ብዙ የማይግለውን የኤል ኢ ዲ መብራት መምረጥ የተሻለ ነው። የሆነ ሆኖ ማንኛውም ማብሪያ ማጥፊያ ጥቂት ብልጭታ ሊኖረው ስለሚችል፤ መብራቱን ወደ ነዳጅ ሳይጠጉ አብርቶ መምጣት፤ ነዳጅ የፈሰሰበትንም ስፍራ አስቀድሞ ማናፈስ ያስፈልጋል።

ስለ ኃይሉ ምንጭ

የእጅ መብራት በኃይሉ ምንጭ በ3 ይከፈላል። አንደኛው ከቤት መስመር የሚሰካው ነው። ይህ መብራት ኃይሉ ሳይደክም ሌሊቱን ሙሉ ያገለግላል። ነገር ግን 220 ቮልት የያዘ ገመድ በእርጥብ መሬት ላይ፤ በክሪክና በብረት መካከል ሲጎተት ልባሱ ሊላጥና ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ገዢው ገመዱ ወፍራም የጎማ ልባስ ያለው፤ በአካሉም ላይ አንዱ አራት ማዕዘን በሌላው ውስጥ ሆኖ የተሣለበት ምልክት ያለው መሆኑን ይመልከት። ምልክቱ መብራቱ ድርብ መከላከያ እንዳለው ያመለክታል።

ሁለተኛው ከመኪናው ባትሪ በሁለት መቆንጠጫ የሚያያዘው ነው። የኤሌክትሪክ መስመር በሌለበት ቀበሌና በመንገድ ላይ ብልሽት ሲደርስ ጠቃሚ ነው፤ ቮልቱም ዝቅተኛ ስለ ሆነ ሰውን በኤሌክትሪክ ለመምታት የሚያሰጋ አይደለም። ባለሱቁ ሳይጠይቅ ሊሸጠው ግን አይገባም። ትንንሾቹ መኪኖች ባብዛኛው 12 ቮልት፤ ከባድ የጭነት መኪኖችና አውቶቡሶች ደግሞ ብዙውን ጊዜ 24 ቮልት ናቸው። ለ12 ቮልት ብቻ የተሠራ መብራት በ24 ቮልት ላይ ቢታሰር ወዲያው ሊቃጠል ይችላል። በማያያዝም ጊዜ የመጨረሻው መቆንጠጫ ከባትሪው ራቅ ባለ የሞተር ብረት ላይ መሆን አለበት፤ በመሞላት ላይ ያለ ባትሪ ብልጭታ የሚያፈነዳው ጋዝ ያወጣልና።

ሦስተኛው በሊቲየም ባትሪ የሚሠራውና በስልክ ቻርጀር የሚሞላው ነው። ገመድ ስለሌለው በኮፈን ሥርም ሆነ በመኪናው ሆድ ሥር ለመሥራት የሚመች ይኸኛው ነው። ብዙ ማታለል የሚገኘውም በዚሁ ዐይነት ላይ ነው።

በካርቶን ላይ ስለሚጻፈው ቁጥር

በካርቶኖቹ ላይ «10,000 ሉመን» የሚል ጽሕፈት ብዙ ጊዜ ይታያል። ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው። ባለ ሽቦው የ60 ዋት አምፑል የሚሰጠው ከ700 እስከ 800 ሉመን ያህል ነው። መካከለኛ የኤል ኢ ዲ መብራት ለእያንዳንዱ ዋት 100 ሉመን ያህል ይሰጣል። እንግዲህ 10,000 ሉመን ለማውጣት 100 ዋት ያስፈልጋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ባትሪው እንመለስ። የተለመደው ውፍረቱ 18፤ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር የሆነው ክብ ባትሪ 3.7 ቮልት ነው። መጠኑ 2,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ቢሆን የሚይዘው ኃይል 7.4 ዋት ሰዓት ብቻ ነው። ይህ ኃይል የ100 ዋት መብራት 5 ደቂቃ እንኳ አያበራም። የ5 ዋት መብራት ግን፤ ማለት 500 ሉመን ያህል የሚሰጠውን፤ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያበራል። በአንድ እንዲህ ያለ ባትሪ 10,000 ሉመን ለብዙ ሰዓት ይሰጣል የሚል ካርቶን እውነት አይናገርም። እንደዚሁም በዚህ ልክ የተሠራ ባትሪ ላይ 9,900 ሚሊ አምፔር ሰዓት ተጽፎ ቢገኝ ሐሰት ነው፤ በሐቅ የተሠራው ከ3,500 ብዙም አያልፍም። በሚዛንም ይታወቃል፤ ደኅነኛው 45 ግራም ያህል ሲመዝን ሐሰተኛው ብዙ ጊዜ ይቀላል።

ለአንድ ሰው ጥገና ከ300 እስከ 500 ሉመን በቂ ነው። ከዚያ የበለጠው ከቅርብ ሲያበሩት ከብረቱ ላይ ተንጸባርቆ ዐይን ይወጋል።

ስለ ብርሃኑ ጠባይ

የጥገና መብራት እንደ እጅ ባትሪ በአንድ ነጥብ ላይ የሚወረወር ሳይሆን፤ ሰፋ ብሎ የሚፈስ ብርሃን ሊኖረው ይገባል። ጠባብ ብርሃን ከብረቱ በስተጀርባ ድቅድቅ ጥላ ስለሚጥል፤ የሚፈለገው ቡሎን በጥላው ውስጥ ይደበቃል።

ቀለም በትክክል ማሳየቱም መመርመር አለበት። በካርቶኑ ላይ ሲ አር አይ ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ወደ 100 በቀረበ መጠን ቀለሙ እንደ ፀሐይ ብርሃን ይታያል፤ ከ80 በታች የሆነው ግን ያሳስታል። ቀዩን ሽቦ ከቡናማው፤ የፍሬን ዘይትን ከሞተር ዘይት ለመለየት የማያስችል መብራት ብሩህ ቢሆን ምን ይጠቅማል?

ሌላም ስውር አደጋ አለ። አንዳንድ ርካሽ መብራቶች ዐይን በማያስተውለው ፍጥነት ይርገበገባሉ። እንዲህ ባለ ብርሃን የሚሽከረከር የሞተር ማራገቢያ የቆመ መስሎ ሊታይና እጅ ሊቆርጥ ይችላል። ይህን ለማወቅ መብራቱን በስልክ ካሜራ መመልከት ነው፤ በምስሉ ላይ ጥቁር መስመሮች ከተመላለሱ መብራቱ ይርገበገባል።

ስለ አካሉና ስለ አያያዙ

ሁለት እጅ ለሥራ ነጻ እንዲሆን መንጠቆና ብርቱ ማግኔት ያስፈልጋል። አቧራና የውሃ ፍንጥቅጣቂ ለመከላከል በካርቶኑ ላይ አይ ፒ 54 ወይም ከዚያ በላይ ቢጻፍ መልካም ነው። ፊተኛው ቁጥር ስለ አቧራ፤ ኋለኛው ስለ ውሃ የሚናገር ነው።

ደባርቅ 2,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች፤ ከእርሷም በላይ ያለው የስሜን ደጋ በበጋ ሌሊት ውርጭ የሚወርድበት ስለ ሆነ፤ ስለ ብርድም ለገዢው መንገር ይገባል። የሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቢሞላ ይጎዳል። ስለዚህ መብራቱ ውጭ በመኪና ውስጥ አድሮ ከሆነ ቤት ገብቶ እስኪለዝብ ድረስ ቻርጅ ላይ ሊደረግ አይገባም።

ለአስመጪዎችና ለባለሱቆች

አስመጪው ብዙ ከማዘዙ በፊት ናሙና አስመጥቶ ቢፈትን የውጭ ምንዛሪውን ከኪሳራ ያድናል። በትእዛዙም ላይ የዋቱን፤ የባትሪውን መጠን፤ የሲ አር አዩንና የአይ ፒውን ቁጥር ለይቶ ይጻፍ፤ «ብሩህ መብራት» ብሎ ማዘዝ ለክርክር በር ይከፍታል። ባትሪው ተፈትቶ የሚለወጥ ቢሆን ይመረጣል፤ ባትሪው በሙጫ የተጣበቀበት መብራት ባትሪው ሲሞት አብሮ ይጣላልና።

ባለሱቁም ከየዐይነቱ አንዱን ሞልቶ፤ በሰዓት እየተቆጣጠረ እስኪጠፋ ድረስ ያብራው። ያገኘውንም ሰዓት በወረቀት ጽፎ ከዕቃው አጠገብ ቢሰቅል፤ ገዢው ከካርቶኑ ቁጥር ይልቅ ይህን ያምናል። በጨለማ ጓዳም ቀይ፤ ቡናማና አረንጓዴ ክር አሳይቶ ቢሸጥ ክርክር ይቀራል። ደረሰኝ መስጠትና የዋስትናውን ጊዜ በላዩ መጻፍም አይርሳ።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይታወሳል። ይህም በእጅ ያለውን መኪና ጠግኖ ማቆየትን ይበልጥ አስፈላጊ አድርጎታል። የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን ጎማና ፍሬን አለው፤ ሲመሽም መብራት ይሻል።

ደባርቅና ዳባት ሻጭና ገዢ የሚተዋወቁባቸው ከተሞች ናቸው። በ5 ደቂቃ የሚጠፋ መብራት የገዛ ሾፌር የሚያስታውሰው በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የፋብሪካ ስም ሳይሆን የባለሱቁን ስም ነው።