ዕረፍት ያጣ ዝማሬ

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ ወይም በሺንሺቾ እሑድ ጠዋት ከቤቱ የወጣ ሰው ጥቂት እንደተራመደ ዝማሬ ይቀበለዋል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከሀዲያ ዞን ነዋሪዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል ፕሮቴስታንት መሆናቸውን ተናግረዋል፤ ከምባታም ከዚህ የራቀ አይደለም። አጥቢያ ባለበት ሁሉ ኳየር አለ፤ ሰፋ ያለው አጥቢያ የሕፃናት፣ የወጣቶችና የእናቶች እያለ ሦስትና አራት ያቋቁማል። ኳየር የገባች ልጅ ሳምንቷ በዚያው ይሸነሸናል፦ በሥራ ቀን ማታ ልምምድ፣ ዓርብ አዳር ጸሎት፣ ቅዳሜ ደግሞ ልምምድ፣ እሑድ አምልኮ፣ በመሀል ሰርግና ለቅሶ፣ ዓመቱ ሲደርስ ኮንፈረንስ። ደመወዝ የለውም። የምትዘምረው ወዳ ነው፤ ብዙዎቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ ከዝማሬ ሌላ የጊዜ ማሳለፊያ አያውቁም።

ከዚያ አንድ እሑድ ትቀራለች። የሚሰጣት ስም ዝግጁ ነው፤ «ቀዘቀዘች» ይባላል። ኳየሩን ትታ ስትሄድ እቤት ድረስ መጥቶ የሚመክራት አይጠፋም፤ ጉሮሮዋን አሳይታ እንደሆነ የሚጠይቃት ግን ጥቂት ነው። የመንፈሱን ጉዳይ ለባለቤቶቹ ልተወውና ስለ ሥጋው ላውራ። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ከቀዘቀዘ እምነት ቀድሞ የሚገኘው ያበጠ የድምፅ አውታር ነው።

የድምፅ አውታሮች ማንቁርት ውስጥ ከፊት ወደ ኋላ የተጋደሙ ሁለት እጥፋቶች ናቸው። ርዝመታቸው በአዋቂ ሰው ከ1.25 እስከ 2.5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ከሳንባ የሚወጣው ትንፋሽ በመሀላቸው ሲያልፍ እየተከፈቱና እየተጋጩ ይርገበገባሉ፤ ድምፅ የምንለው ይህንኑ ነው። ወንድ ሲያወራ በሰከንድ ከ100 እስከ 125 ጊዜ፣ ሴት ደግሞ 200 ጊዜ ያህል ይጋጫሉ። ሶፕራኖ ከፍ ያለውን ዜማ ስትይዝ በሰከንድ ከ500 ያልፋል።

አንዲት የመጀመሪያ ደረጃ መምህርት እንውሰድ። በከተሞቹ ኳየሮች ውስጥ መምህራን ብዙ ናቸው። በቀን አምስት ክፍለ ጊዜ ብታስተምር፣ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ ቢሆንና ከዚያ ውስጥ ሩቡን ብቻ ድምፅ ብታወጣ፣ አውታሮቿ ከትምህርት ቤት ሳትወጣ 600 ሺህ ጊዜ ተጋጭተዋል። ማታ ሁለት ሰዓት ልምምድ ገብታ ግማሹን ብትዘምር፣ በሰከንድ በአማካይ 400 ብለን ብንይዝ፣ 1 ሚሊዮን 440 ሺህ ይጨመርበታል። በአንድ ቀን ከ2 ሚሊዮን በላይ ማለት ነው። ሒሳቡ ግምት ነው፤ ግን ቁጥሩን በግማሽ ብንቀንሰው እንኳ ነገሩ አይለወጥም።

ጃፓናዊው ሐኪም ሚኖሩ ሂራኖ እ.ኤ.አ. በ1974 እንዳሳዩት አውታሩ ወጥ ሥጋ አይደለም። ከሥር ጡንቻ አለ፤ ከላዩ ደግሞ እንደ ልብ የሚንቀሳቀስ ለስላሳ ልባስ። ዜማን ዜማ የሚያደርገው የዚህ ልባስ እንቅስቃሴ ነው፤ የሚጎዳውም እሱ ነው። ግጭቱ የሚበረታው በሚርገበገበው ክፍል መካከል ላይ ስለሆነ መጀመሪያ እዚያ ላይ ፈሳሽ ቋጥሮ ያብጣል። ሌሊቱን ያረፈ እብጠት ይጎድላል። በማግስቱ፣ በሠልስቱ እንደገና ከተመታ ግን፣ ዶማ የያዘ መዳፍ እንደሚጠጥር ሁሉ በሁለቱም አውታሮች ላይ ፊት ለፊት ትንንሽ ጉብታዎች ይወጣሉ። ካንሰር አይደሉም፣ ወደ ካንሰርም አይለወጡም። ነገር ግን አውታሮቹ ሙሉ በሙሉ እንዳይገጥሙ መሀላቸው ገብተው ስለሚያግዱ ትንፋሽ ያፈስሳል፤ ድምፁ ይጎረንናል። በአዋቂዎች ዘንድ ይህ ችግር በብዛት የሚታየው በወጣት ሴቶች ላይ ነው።

ዘማሪዋ ይህን ቶሎ አታውቀውም፤ ጮክ ብላ መዘመር አላቃታትማ። ቀድሞ የሚጠፋው በለሆሳስ የሚወጣው ቀጭን ድምፅ ነው። አሜሪካዊው የጉሮሮ ሐኪም ሮበርት ባስቲያን ለዘፋኞች የሚያስተምሩት መፈተሻ ከዚህ የተነሣ ነው፦ የታወቀች አጭር ዜማ መርጦ፣ በጣም ከፍ ባለ ቅኝት፣ የተኛ ሕፃን በማይቀሰቅስ ልስላሴ መሞከር። አውታሩ ጤነኛ ከሆነ ድምፁ ወዲያው ይነሣል። ካበጠ ግን መጀመሪያ ባዶ ትንፋሽ ይወጣል፣ ድምፁ ዘግይቶ ይከተላል፣ ወይም መሀል ላይ ይቆረጣል። ትናንት የወጣው ዛሬ ካልወጣ ጉሮሮው ዕረፍት እየጠየቀ ነው። ጮክ ሲሉ ችግሩ ይሸፈናል፤ ብዙዎችም ይህንኑ ያደርጋሉ፣ እብጠቱም ይብሳል።

ሞንታርቦውም የራሱ ድርሻ አለው። ፈረንሳዊው ኤቲየን ሎምባርድ እ.ኤ.አ. በ1911 እንደገለጹት ሰው ጫጫታ ውስጥ ሲገባ ሳያስበው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ኪቦርዱና ከበሮው በትልልቅ ድምፅ ማጉያ ወደ ሕዝቡ ሲለቀቁ፣ ከኋላ የቆሙት ዘማሪዎች የራሳቸውን ድምፅ አይሰሙም። ስለዚህ ይጮኻሉ። መሣሪያውን መቀነስ ወይም አንድ ድምፅ ማጉያ ወደ ዘማሪዎቹ ማዞር ከየትኛውም የጉሮሮ መድኃኒት በፊት ሊሞከር የሚገባው ነገር ይመስለኛል። በዚህ ረገድ የኦርቶዶክሱ ማኅሌት የሚያስቀና ሥርዓት አለው። ሌሊቱን ሙሉ ይቆማል፣ ግን ቀኝና ግራ ተከፍሎ እየተቀባበለ ነው፤ አንዱ ወገን ሲያዜም ሌላው ያዳምጣል። ለጉሮሮ ተብሎ የተሠራ ባይሆንም ለጉሮሮ ይበጃል።

እስካሁን ስለ አውታሩ ነው። የሰውየው መዛል ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ ይህን መዛል በሦስት ምልክቶች ይገልጸዋል፦ አቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው ልብ መሸሽ፣ የሚሠሩት ሁሉ ዋጋ እንደሌለው መሰማት። ይሁንና የሚመለከተው መተዳደሪያ ሥራን ብቻ ነው ይላል፤ ለሌላ የሕይወት ዘርፍ አይሠራም። እዚህ ላይ የሚገርም ነገር አለ። ጽንሰ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1974 ወደ ሳይንስ ያስገቡት የሥነ ልቦና ባለሙያው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር ያጠኑት ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ ነፃ ክሊኒክ በፈቃደኝነት የሚያገለግሉ ሰዎችን ነበር። ቀን የየራሳቸውን ሥራ ውለው ማታ ክሊኒኩ የሚመጡ፣ የሚሠሩትን የሚወዱ ሰዎች። ከወራት በኋላ እነዚያው ሰዎች ደክመው፣ ተነጫንጨው፣ ያለ ምክንያት ጉንፋንና ራስ ምታት የማይለያቸው ሆነው አገኟቸው። ፍሮይደንበርገር ራሳቸውም ከመካከላቸው አንዱ ነበሩ። የጥናቱ መነሻ እንግዲህ ከደመወዝተኛው ይልቅ ለኳየሩ ይቀርባል።

ደመወዝተኛ ሠራተኛ የዓመት ፈቃድ አለው። ሐኪም የሕመም ፈቃድ ይጽፍለታል። በፍቅር የሚሠራ ሰው ግን ፈቃድ የሚጠይቀው ማንን ነው? አለቃው ራሱ ነው፤ ከራስ በላይ ጨካኝ አለቃ ደግሞ የለም። ካናዳዊው ሮበርት ቫለራንድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ፍቅርን በሁለት ከፍለውታል። አንደኛው ሰውየው ሲፈልግ የሚይዘው፣ ሲፈልግ የሚያስቀምጠው ነው። ሁለተኛው ሰውየውን ራሱን የሚይዘው ነው፤ ሲተወው ጥፋተኝነት ያንገበግበዋል፣ ሲይዘውም ደስታው ጎድሏል። ተመራማሪዎቹ ብስክሌት ነጂዎችን ተከታትለው፣ በኩቤክ ክረምት በረዶ ባጋገረው መንገድ ላይ መንዳት ያላቋረጡት በአብዛኛው ሁለተኛውን ፍቅር የያዙት ሆነው አግኝተዋል። ድምፅዋ ተዘግቶ ሳለ «ሶሎውን ማን ይይዝልኛል?» ብላ የምትወጣ ዘማሪ የዚያ መንገድ ተጓዥ ናት። አጠገቧ ያሉትም «አይዞሽ፣ ጌታ ያበረታሻል» ይሏታል። በቅንነት ነው፤ ውጤቱ ግን ያው ነው።

ድካምን ሁሉ በመዛል ማሳበብም ያሳስታል። ድምፅ ሲጎረንን፣ ሰውነት ሲከብድ፣ ብርድ ሲበረታና ክብደት ሲጨምር አንድ ላይ ከመጡ ጥፋቱ የእንቅርት ዕጢ ሊሆን ይችላል። የአዮዲን እጥረት በአገራችን ደጋማ አካባቢዎች የቆየ ችግር ነው፤ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የደም ማነስም ያዝላል። የጉሮሮ ቲቢም ድምፅን ያጎረንናል። አምሽቶ በልቶ ወዲያው መተኛት የጨጓራ አሲድ ወደ ማንቁርት እንዲወጣ ያደርጋል፤ የማገዶ ጭስም ልባሱን ያስቆጣል። የአሜሪካ የአንገት በላይ ሐኪሞች መመሪያ፣ መጎርነኑ ከአራት ሳምንት ካለፈ ማንቁርት በመሣሪያ ይታይ ይላል። የሚያጨስ፣ ደም የሚተፋ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ የሚያስቸግረው ሰው አራት ሳምንትም መጠበቅ የለበትም። ለሀዲያና ለከምባታ ሰው የመጀመሪያው በር ብዙ ጊዜ ሆሳዕና የሚገኘው፣ በሀዲያዊቷ ንግሥት እሌኒ ስም የተሰየመው ሆስፒታል ነው።

ስለ ማርና ዝንጅብልም አንድ ነገር ልበል፤ ዘማሪ ሁሉ ይጠይቃልና። የምንውጠው ነገር አውታሩን አይነካውም። ስንውጥ ማንቁርቱ ይዘጋል፤ ባይዘጋ ትን ይለን ነበር። ማሩ ጉሮሮን ያለሰልሳል፣ ሳል ያስታግሳል፣ ከዚያ አያልፍም። ውሃ ይጠቅማል፣ ግን በደም ዞሮ ነው የሚደርሰው፤ መድረክ ሊወጡ ሲሉ የሚጠጡት ብርጭቆ የዕለቱን ጥማት አይደርስበትም። ማንሾካሾክም ዕረፍት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ ጥናት ከ100 ታካሚዎች 69ኙ ሲያንሾካሹኩ ከአውታሩ በላይ ያለው የጉሮሮ ክፍል ይበልጥ ተጨምድዶ ታይቷል። ዝም ማለት ከተፈለገ ዝም ነው፤ አለበለዚያ በቀስታ፣ በራስ ድምፅ ማውራት ይሻላል።

ዕረፍቱ ስንት ጊዜ ነው? ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሦስት ቀን ዝም ያሉትንና ሰባት ቀን ዝም ያሉትን ያነጻጸረ የጃፓን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል፤ ድምፃቸው የተሻለው የሦስት ቀኖቹ ሆነ። ረጅም ፍጹም ዝምታ እንግዲህ የግድ አይደለም። ጉብታ ላለበት ሰው የሚታዘዘው የድምፅ ሥልጠና ነው፤ ቢላዋ የሚመጣው እሱ ካልሠራ ነው። ሥልጠናው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ከልምምዶቹ አንዱ ቀጭን የመጠጫ ቱቦ ይፈልጋል፦ ቱቦውን በከንፈር ይዞ፣ ጫፉን ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል አጥልቆ፣ ውሃው እየተንቦቀቦቀ ድምፅን ከዝቅታ ወደ ከፍታ ማንሸራተት። ቱቦው ትንፋሹን ወደ ኋላ ስለሚገፋው አውታሮቹ በኃይል ሳይጋጩ፣ ዳር ለዳር እየተነካኩ ይርገበገባሉ። በአገራችን ይህን የሚያሠለጥኑ ባለሙያዎች ጥቂት ናቸው፤ ቱቦና ብርጭቆ ግን የትም አለ።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ከኳየሩ መራቅ ግዴታ ነው። አብሮ ቆሞ «በቀስታ» መዘመር አይሆንም፤ ሎምባርድ ያሉት ነገር እዚያው ይጠብቃታል። የራቀ ሁሉ ግን አይቀርም፤ እንግሊዛዊቷ ዘፋኝ አዴል እ.ኤ.አ. በ2011 አውታሯ ደም ቋጥሮ ጉዞዋን ሰርዛ ቦስተን ላይ ቀዶ ሕክምና አደረገች፤ በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ ወደ መድረክ ተመለሰች። ተዋናይና ዘፋኝ ጁሊ አንድሩዝን ያን ያህል አልቀናትም። እ.ኤ.አ. በ1997 ከተደረገላት ቀዶ ሕክምና በኋላ ዓለም የሚያውቀው ድምፅዋ አልተመለሰም። ከልጇ ጋር የሕፃናት መጻሕፍት ወደ መጻፍ ዞረች። እ.ኤ.አ. በ2004 በአንድ ፊልም ላይ ዘመረች፤ ዜማው በቀራት ጠባብ የድምፅ ክልል ልክ የተሠራ ነበር። በየአጥቢያው ያሉ የኳየር መሪዎችም ይህን ማድረግ ይችላሉ፦ የተመለሰችውን ልጅ ከሶፕራኖ ወደ አልቶ ማውረድ፣ በሳምንት ከአንድ ልምምድ በላይ አለመጥራት፣ ሶሎውን ለሦስት ሰው ማከፋፈል። አልመለስም ካለችም ግጥምና ዜማ የሚያወጣ፣ ሕፃናቱን የሚያስጠና ሰው ሁልጊዜ ይፈለጋል።