ሐኪም «ተንቀሳቀሱ» ሲል መድኃኒት ነፈገን ማለት አይደለም

ደም ግፊት ወይም ስኳር ይዞት ክሊኒክ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ይዞ ይመለሳል፤ ክኒንና «በየቀኑ በእግር ይንቀሳቀሱ» የሚል ምክር። ክኒኑን ይውጣል፣ ምክሩን ግን እዚያው በር ላይ ጥሎት ይመጣል። «ከአገሬ እዚህ ድረስ በእግሬ የመጣሁ ሰው፣ አሁን ደግሞ ሂድ ይሉኛል እንዴ?» የሚሉ ታላላቆቻችንም አሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ያ ጉዞ የዚያን ጊዜ ነው፣ ልብና ደም ሥር የሚፈልጉት የዛሬውን ነው።

አገር ቤት ሳለን እርሻው፣ አረሙና ከብቱ ያንቀሳቅሰን ነበር። እዚህ ቁረይሻ አካባቢ ግን የቀን ሥራ ካልተገኘ ቀኑ በራኩባ ጥላ ሥር በመቀመጥ ያልፋል። መቀመጥ ምን እንደሚያመጣ የብሪታንያው ሐኪም ጄሪ ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1953 አሳይቷል። የለንደን ባለ ፎቅ አውቶቡስ ሾፌሮች፣ ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ ከሚውሉት ትኬት ቆራጮች ይልቅ በልብ በሽታ ይጠቁ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ይህ በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን ፈጠን ብሎ መሄድ ማለት ነው። እየሄዱ ማውራት ከተቻለ፣ መዝፈን ግን ካቃተ ልኩ እሱ ነው። አሥር አሥር ደቂቃ ከፋፍሎ መሥራትም ይቻላል። ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀምና ግቢ መጥረግም ይቆጠራል።

በኢትዮጵያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2013 የቤተሰብ ሐኪሞችን ማሠልጠን ጀምሯል። የቤተሰብ ሐኪም የበሽተኛውን ቤትና ሥራ አውቆ የሚመክር ነው። በካምፕ ግን ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሐኪሙም ሊቀያየር ይችላል። ስለዚህ ውሏችንን እኛው እንንገረው። «ቀኑን ሙሉ እቀመጣለሁ» ወይም «ውኃ ስሸከም እውላለሁ» እንበል። ከዚያ ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ስንት ደቂቃ? በስንት ሰዓት? ምን ሲሰማኝ ላቁም?

ጥንቃቄውም አይረሳ። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ ንጋት ላይ ወይም ፀሐይ ስትበርድ እንሂድ፤ ውኃም እንጠጣ። በክረምት ዋልካው ጭቃ ሲያስቸግር ከአልጋ ጫፍ አሥር ጊዜ እየተነሱ መቀመጥም እንቅስቃሴ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ባዶ እግሩን አይሂድ፣ ማታ ማታ እግሩን ይይ፤ መርፌ የሚወጋ ከሆነ ደግሞ ትንሽ ስኳር በኪሱ ይያዝ። ደረት ከወጋ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ራስ ካዞረ ወዲያው አቁሞ ወደ ክሊኒክ መሄድ ያስፈልጋል። ራሽን አንሶ በቂ ምግብ ያላገኘ ሰው ራሱን አያድክም። ክኒኑንም ያለ ሐኪም ፈቃድ ማንም አያቋርጥ።

በብዙ ቤት እናት ውኃና እንጨት ስትሸከም ወገቧ ይጎብጣል፣ አባት ደግሞ በመቀመጥ ይታመማል። ለእሷ የሐኪሙ ምክር ዕረፍት ሊሆን ይችላል፣ ለእሱ መነሳት። ሐኪሙ ከፈቀደለት፣ ጀሪካኑን ግማሽ ሞልቶ እሱ ቢቀዳ የሁለቱም መድኃኒት በአንድ መንገድ ይገኛል።