ተረጂው በበራችን ሲቆም ምን ይሰማዋል?

ስለ ሰጪው ግዴታና አጅር በየኹጥባውም በየዳዕዋውም ብዙ እንሰማለን። በዛሬው ዝግጅታችን ፊታችንን ወደ ተቀባዩ እናዞራለን። እርዳታ ለማግኘት የሚወጣ ሰው በመንገዱ ላይ ምን ይገጥመዋል?

በአገራችን ለችግረኛው የተከፈቱ በሮች ከድሮው በርክተዋል። ሴፍቲኔት የምንለው ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም በገጠር ተጀመረ። በ2009 ዓ.ም ደግሞ በ11 ከተሞች ተጀምሮ በኋላ ወደ ሌሎች ሰፋ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ጉልበት ያለው በአካባቢ ልማት ይሠራል፤ በገጠር እርከን ይሠራል፣ ችግኝ ይተክላል፣ በከተማ ጽዳት ላይ ይሰማራል፣ ለዚህም ይከፈለዋል። አረጋውያን፣ ሕሙማንና አካል ጉዳተኞች ሳይሠሩ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህንም መዋጮ መክፈል ላቃታቸው እጅግ ድሆች መንግሥት ይሸፍናል። ይህ ሁሉ ትልቅ ነገር ነው፤ አልሐምዱሊላህ እንላለን።

ነገር ግን ወደ በሩ መድረስ ቀላል አይደለም። ተረጂው የሚለየው ነዋሪው በመረጠው ኮሚቴ ነው፤ ስሙም በነዋሪው ፊት ይነበባል። ይህ የተደረገው አድልዎ እንዳይኖር ነው፤ ጎረቤት የጎረቤቱን ኑሮ ያውቃልና። ሆኖም እስከ ትናንት በዒድ ቀን ቤቷ በእንግዳ ይሞላ የነበረች፣ ባሏ ሲሞት ግን ባዶ እጇን የቀረች እናት አለች። «የድሃ ድሃ» በሚለው መዝገብ ስሟ በጎረቤት ፊት ሲጠራ ምን ይሰማታል? አንዳንዷ ስሟ ከሚጠራ ቤቷን ዘግታ መራብን ትመርጣለች። ከኮሚቴው ዓይን የምታመልጠውም እንዲህ ያለችው ናት።

ሌላው ኮታ ነው። ለአንድ ቀበሌ የተመደበው ቁጥር ከችግረኛው ቁጥር ሲያንስ ኮሚቴው እኩል ከተራቡ ሁለት ቤቶች አንዱን መተው ግድ ይሆንበታል። የቀረው «ዘመድ ስለሌለኝ ነው» ይላል። አንዳንድ ጊዜ እውነቱን ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ኮሚቴውም ሌላ አማራጭ አልነበረውም።

ተረጂዎች ከሚያነሱት ቅሬታ አንዱ የክፍያው መዘግየት ነው። ነገሩን ልብ እንበል። የሚከፈልበት ቀን የታወቀ ትንሽ ገንዘብ ኑሮን ያቅዳል፤ ዱቄቱም ደብተሩም ይታሰብበታል። ቀኑ ካልታወቀ ግን ሰውየው ከሱቅ በዱቤ ይበላል፣ ገንዘቡም ሲመጣ ከእጁ ሳይገባ ለባለሱቁ ያልፋል። በጤና መድህኑም ካርዱን ይዞ ጤና ጣቢያ ሄዶ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ» የተባለ ብዙ ነው።

ወደ ዲናችን ስንመለስ ቁርኣን በአዝ-ዛሪያት ምዕራፍ አንቀጽ 19 አላህን በሚፈሩ ሰዎች ገንዘብ ውስጥ ለሁለት ሰዎች ሐቅ እንዳለ ይነግረናል፦ ለሚለምነውና ለተነፈገው። ብዙ የተፍሲር ሊቃውንት ሁለተኛውን፣ ከመለመን ስለሚቆጠብ ሰዎች ሳያውቁለት የሚቀር ነው ብለው አብራርተውታል። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ እውነተኛው ሚስኪን በየበሩ የሚዞረው ሳይሆን የሚበቃው ሳይኖረው ሰው የማያስተውለው መሆኑን አስተምረዋል። ያቺ ቤቷን የዘጋች እናት እዚህ ውስጥ ናት።

ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) አንድ ዓይነ ስውር አይሁዳዊ ሽማግሌ ሲለምኑ አይተው ለምን እንደሚለምኑ ጠየቋቸው። ጂዝያው፣ ችግርና እርጅና መሆኑን ሲነግሯቸው ቤታቸው ወስደው ካላቸው ሰጧቸው። ከዚያም ወደ በይተል ማል ኃላፊ ልከው እኚህንና መሰሎቻቸውን እንዲመለከት አዘዙ፤ ጂዝያውንም አነሱላቸው። ታሪኩን አቡ ዩሱፍ «ኪታቡል ኸራጅ» በተባለው መጽሐፋቸው አስፍረውታል። ቅደም ተከተሉን እንመልከት፤ መጀመሪያ የዕለቱን ረሀብ አስታገሱ፣ ቀጥለው ለነገው መዝገብ አስገቡ።

እኛስ ዘካችንን እንዴት ነው የምንሰጠው? በረመዷን በበራችን ላይ ሰልፍ አስይዘን፣ ከዚያም ፎቶ አንስተን በፌስቡክ የምንለጥፍ አለን። የተቀባዩ ልጆች ነገ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ያ ፎቶ ይከተላቸዋል። በአል-በቀራህ አንቀጽ 264 ምጽዋትን በመመጻደቅና በማስከፋት ከማበላሸት ተከልክለናል፤ ይህ ፎቶ ከማስከፋት ካልተቆጠረ ምን ሊቆጠር ነው? አብዛኞቹ የፊቅህ ሊቃውንት ሰጪው «ይህ ዘካ ነው» ብሎ ለተቀባዩ መንገር እንደማይጠበቅበት ገልጸዋል፤ ኒያው በልብ ይበቃል። ስለዚህ በማታ በሰው እጅ መላክ ይቻላል። የሻፊዒይ መዝሀብ ሊቃውንትም ለባለሙያው የሙያው መሣሪያ፣ ለነጋዴው መነገጃ የሚሆን ገንዘብ እንዲሰጥ ጽፈዋል። ለሃምሳ ሰው ከተበተነ አንድ ቀን ያልዘለለ ገንዘብ ለአንዲት እናት የእንጀራ ምጣድና የጤፍ መግዣ ሊሆን ይችላል።

በመንግሥት በኩል ላለውም ልናግዝ እንችላለን። ከመዝገብ የቀረ ሰው ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ማመልከት መብቱ ነው። በገጠሩ ፕሮግራም ነፍሰ ጡር ሴት ከልማት ሥራ ወጥታ በጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ እንድትያዝ መመሪያው ይፈቅዳል፤ ይህን ሳያውቁ ድንጋይ የሚሸከሙ እህቶች አሉ። በየቤታችን ማንበብና መጻፍ የሚችል ወጣት አለ። ከጎረቤት ካሉት አሮጊት ጋር ቀበሌ ድረስ ይሂድ፣ ማስታወቂያውን ያንብብላቸው፣ አቤቱታቸውን ይጻፍላቸው፣ ክፍያው መቼ እንደሆነም ይጠይቅላቸው። ብቻቸውን ሲሄዱ «ነገ ተመለሱ» የሚባሉት እናት ከሰው ጋር ሲሄዱ መልሱ ሲለወጥ ይታያል።