የሚፈስ ጆሮ «ሲያድግ ይተወዋል» ተብሎ አይታለፍ

በሐዋሳ ከተማም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ጆሮው መግል የሚያፈስ ሕፃን ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። አንዳንድ ወላጆችም «ሲያድግ ይተወዋል» በማለት ጉዳዩን በቸልታ ያልፉታል። ይሁን እንጂ ከጆሮ የሚወጣ መግል ብዙ ጊዜ የጆሮ ታምቡር መበሳቱን ያመለክታል። ሕክምና ካላገኘ የመስማት ችሎታን ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ አልፎ አልፎም ወደ አንጎል ተዛምቶ ሕይወትን ለአደጋ ያጋልጣል። ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለመረዳት በቅድሚያ የጆሮን አፈጣጠር ማወቅ ይጠቅማል።

ሦስቱ የጆሮ ክፍሎች

የሰው ጆሮ ውጫዊ፣ መካከለኛና ውስጣዊ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ከውጭ የሚታየው የጆሮ ቅጠል ድምፅን ሰብስቦ ወደ ጆሮ ቦይ ያስገባል። ቦዩ በአዋቂ ሰው 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። በቦዩ መግቢያ አካባቢ የሚመነጨውን ኩክ ብዙዎች እንደ ቆሻሻ ቢቆጥሩትም፣ አቧራን የሚይዝና ቆዳውን ከእርጥበትና ከጀርም የሚከላከል ነው። በምናኝክበትና በምንናገርበት ጊዜ ደግሞ በራሱ ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይወጣል።

በቦዩ መጨረሻ ታምቡር የተባለው ስስ ሽፋን ይገኛል። ድምፅ ሲደርሰው እንደ ከበሮ ቆዳ ይርገበገባል። ከታምቡሩ በስተጀርባ ያለው በአየር የተሞላ ጠባብ ክፍል መካከለኛው ጆሮ ነው። በውስጡም በቅርጻቸው መዶሻ፣ መስፍና እርካብ የሚመስሉ ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች አሉ። እርካብ የሚመስለው 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ በሰው አካል ውስጥ ካሉት አጥንቶች ሁሉ ትንሹ ነው። አጥንቶቹ የታምቡሩን ንዝረት እየተቀባበሉ ወደ ውስጣዊው ጆሮ ያደርሳሉ።

መካከለኛው ጆሮ ከአፍንጫ በስተኋላ ካለው የጉሮሮ ክፍል ጋር በቀጭን ቱቦ ይገናኛል። ከሐዋሳ ወደ ሀገረ ሰላም ደጋ የሚወጣ መንገደኛ ጆሮው ሲደፈንበት ምራቁን ቢውጥ የሚከፈትለት፣ ይህ ቱቦ ተከፍቶ የአየሩን ግፊት ስለሚያመጣጥን ነው።

ውስጣዊው ጆሮ በፈሳሽ የተሞላና እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ሁለት ዙር ተኩል ያህል የተጠቀለለ አካል አለው። በውስጡ ያሉት በሺዎች የሚቆጠሩ ፀጉር መሰል ሕዋሳት ንዝረቱን ወደ ነርቭ መልእክት ለውጠው ወደ አንጎል ይልኩታል። የሰውነትን ሚዛን የሚጠብቁት ክፍሎችም እዚያው ስለሚገኙ፣ የውስጣዊው ጆሮ ሕመም ማዞርንና ማቅለሽለሽን ያስከትላል። ታምቡር ቢበሳ ሊድን ይችላል፤ እነዚህ ሕዋሳት ግን አንዴ ከሞቱ ዳግመኛ አያድጉም።

ከጉንፋን እስከ ታምቡር መበሳት

በሕፃናት ላይ ጆሮንና ጉሮሮን የሚያገናኘው ቱቦ ከአዋቂዎች ይልቅ አጭርና አግድም የተዘረጋ ነው። ስለሆነም ሕፃኑ ጉንፋን ሲይዘው ጀርሞች በቀላሉ ወደ መካከለኛው ጆሮ ይገባሉ፤ ቱቦውም አብጦ ይዘጋል። በዚያ ጠባብ ስፍራ መግል ሲጠራቀም ሕፃኑ ያተኩሳል፣ ጆሮውን እየነካካ ያለቅሳል፣ እንቅልፍም ያጣል። ግፊቱ ሲበረታ ታምቡሩ ይበሳና መግሉ ይፈሳል፤ ሕመሙም ወዲያው ይቀላል።

ወላጆችን የሚያዘናጋው ይህ ጊዜ ነው። ልቅሶው ስለቆመ ሕፃኑ የዳነ ይመስላቸዋል። ቀዳዳው ሳይደፈን ቀርቶ ፈሳሹ ከ14 ቀናት በላይ ከቆየ ሕመሙ ሥር ሰድዷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ መምህሩን በቅጡ ስለማይሰማ «ሰነፍ» ወይም «የማይታዘዝ» ተብሎ ሊፈረጅ ይችላል።

የእናት ጡት ማጥባት፣ ሕፃኑን ከምድጃና ከሲጋራ ጭስ ማራቅ፣ በጡጦ የሚመገበውንም አስተኝቶ አለማጥባት ሕመሙን ለመከላከል ይረዳሉ። ኢትዮጵያ በ2004 ዓ.ም የጀመረችው የኒሞኮካል ክትባትም የጆሮ ሕመምን ከሚያስከትሉት ዋና ዋና ጀርሞች አንዱን ስለሚከላከል በወቅቱ ማስከተብ ይገባል።

ጉዳትን የሚያባብሱ ልማዶች

ለጆሮ ሕመም የቅጠል ጭማቂ ወይም ዘይት የሚያንጠባጥቡ ሰዎች አሉ። ታምቡሩ የተበሳ ከሆነ የሚገባው ነገር በቀጥታ ወደ መካከለኛው ጆሮ ዘልቆ ሕመሙን ያብሰዋል። የሚፈስ ጆሮ የሚፈልገው ድርቀት ነው። ንጹሕና ለስላሳ ጨርቅን እንደ ክር ጠምዝዞ በጆሮው ቀዳዳ በማስገባት፣ እርጥበቱን ሲመጥ በሌላ እየቀየሩ እስኪደርቅ ድረስ ማጽዳት፣ ይህንንም በቀን ሦስት ጊዜ መደጋገም ይመከራል። ጆሮው የሚፈስ ልጅ ሐይቅ ውስጥ መዋኘት የለበትም፤ በገላ መታጠቢያ ጊዜም ውኃ እንዳይገባበት መጠንቀቅ ያሻል።

ኩክን በክብሪት እንጨት፣ በፀጉር ማስያዣ ወይም በጥጥ በተጠቀለለ እንጨት ለማውጣት መሞከር ኩኩን ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ታምቡርንም ሊበሳ ይችላል። ልጆች ባቄላ ወይም በቆሎ ጆሯቸው ውስጥ ቢከቱ እህሉ አብጦ እንዳይጣበቅ ውኃ መጨመር አይገባም።

ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት ገዝቶ መውሰድም ሌላው ችግር ነው። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በጆሮ ሕሙማን ላይ የተካሄደና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 የታተመ ጥናት ከጆሮ ፈሳሽ የተገኙ ባክቴሪያዎች በተለመዱ መድኃኒቶች ላይ የመላመድ ባሕርይ እንዳሳዩ አመልክቷል። የጀመሩትን መድኃኒት ሲሻል ማቋረጥም ይህንኑ ችግር ያባብሳል።

ጩኸትና ጆሮ

በሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም ከተመረቀ ወዲህ በማሽን አጠገብ የሚውለው ሠራተኛ በርክቷል። በወፍጮ ቤትና በብረታ ብረት ሥራ የሚተዳደረውም ብዙ ነው። ለ8 ሰዓት የሥራ ቀን በሰፊው የሚሠራበት የድምፅ ወሰን 85 ዴሲቤል ነው። መለኪያ ባይኖርም፣ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ያለን ሰው ለማነጋገር መጮህ ካስፈለገ ድምፁ ለጆሮ አስጊ ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ የጆሮ መከላከያ ማድረግ፣ በየመሐሉም ከጩኸቱ ራቅ ብሎ ጆሮን ማሳረፍ ያስፈልጋል። ከሥራ በኋላ ጆሮ ውስጥ የሚሰማ ጭውታ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው። ከፍ አድርገው በጆሮ ማዳመጫ ሙዚቃ የሚሰሙ ወጣቶችም ለዚሁ ጉዳት ይጋለጣሉ።

ወደ ሕክምና መሄድ መቼ ነው?

ጆሮ ሲፈስ፣ ሲያምም ወይም የመስማት ችሎታ ሲቀንስ በአቅራቢያው ያለውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም ጤና ጣቢያ ማማከር ያስፈልጋል፤ እንደ ሁኔታው ወደ ከአንገት በላይ ሐኪም ይላካል። ሳይደፈን የቀረ ታምቡር በቀዶ ሕክምና ሊጠገን ይችላል።

ከጆሮ ጀርባ ያለው አጥንት አብጦ ጆሮን ወደፊት ከገፋ፣ ከትኩሳት ጋር አንገት ከደረቀ፣ ትውከትና ብርቱ ራስ ምታት ካለ፣ ፊት ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ ወይም መስማት በድንገት ከጠፋ አንድ ቀን እንኳ ማሳደር አይገባም። ጆሮ ደግፍ ስሙ ከጆሮ ቢያያዝም የምራቅ ዕጢ ሕመም ነው፤ ሆኖም መስማትን ሊጎዳ ስለሚችል ክትትል ይሻል። ሕፃን በከፍተኛ ድምፅ የማይደነግጥ ወይም መናገር የዘገየ ከሆነም ማስመርመር ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችሎታ ማጣት 60 በመቶ ያህሉን መከላከል ይቻላል። የዓለም የመስማት ቀን በየዓመቱ የካቲት 24፣ በዓድዋ ድል በዓል ማግሥት ይከበራል። ለሚፈስ ጆሮ ግን ቀን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ወላጆች መግል ባዩበት ዕለት ልጃቸውን ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱ።